ሰነዱ በባላጋራ እጅ ሲሆን፦ ፍርድ ቤት እስከ ምን ድረስ ማስከፈት ይችላል?

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኘው ሾዋክ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ትዝታ ውስጥ የስደት ከተማ ናት። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን በምሥራቁ የሀገሪቱ ክፍል የሚያካሂደውን ሥራ ለረጅም ዘመን የመራው ከዚያ ነው። በ1970ዎቹ ጦርነትና ድርቅ ድንበር ያሻገራቸው ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛትና የትውልድ ቦታ በካርድና በመዝገብ ሰፍሯል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹት በገዳሪፍ ግዛት ወደሚገኙት ወደ ኡም ራኩባና ቱናይድባህ መጠለያዎች ሲገቡም ምዝገባው እንደገና ተካሂዷል።

ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ዛሬ ጎንደር ፍርድ ቤት ቀርቦ «የሟቹ ልጅና ወራሽ ነኝ» ቢል፣ ልጅነቱን የሚያስረዳለት ብቸኛ ጽሑፍ ከዚያ መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን በእጁ የለም። ወንድሞቹ ቢክዱት፣ መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤትም ዝም ቢል፣ ፍርድ ቤቱ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ችግሩ የስደተኛ ብቻ አይደለም። የተሰናበተ ሠራተኛ የግል ማኅደር ያለው በአሠሪው መሥሪያ ቤት ነው። የማኅበር አባል ትርፌ ተበላ ሲል የሒሳብ መዝገቡን የያዘው ሥራ አስኪያጁ ነው። የታካሚው ካርድ በሆስፒታሉ መደርደሪያ፣ የማሽኑ ንድፍ በፋብሪካው ካዝና ይገኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 ግን መብት አለኝ የሚለው ሰው እንዲያስረዳ ያዛል። የማስረዳት ሸክሙ በአንዱ ትከሻ፣ ማስረጃው በሌላው መሳቢያ ሲሆን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ሊያልቅ ይችላል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ የሕግ ሥርዓት ለዚህ የተበጀው መድኃኒት «ዲስከቨሪ» ይባላል፤ ጉዳዩ ለውሳኔ ከመሰማቱ በፊት ተከራካሪዎች ያላቸውን ሰነድና የሚያውቁትን ነገር አንዱ ለሌላው እንዲገልጥ የሚያስገድድ ሥርዓት ነው። አማርኛ የጸና ስም አላወጣለትም፤ «ማስረጃ የመገላለጥ ሥርዓት» ቢባል ይቀርበዋል።

ከ«ተጠየቅ» እስከ 1958ቱ ሕግ

ባላጋራን መርምሮ እውነቱን ማውጣት ለኢትዮጵያ ሙግት እንግዳ አልነበረም። በበላ ልበልሃ ተሟጋቹ ባላጋራውን «ተጠየቅ» ብሎ በአደባባይ ይይዘው፣ መልሱንም በዳኛና በሕዝብ ፊት ያስቆጥረው ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስ የሚያቆይ ምርመራ ነበር፤ ምንም እንኳ ዋና ሥራው ወንጀለኛን ማፈላለግ ቢሆን። ሁለቱም ለቃል ዘመን የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ ክርክሩ በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ቢጠየቅም አይናገርም፤ ካልመጣ የለም።

እስካሁን በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የታወጀው በመስከረም 1958 ዓ.ም. ነው። አርቃቂዎቹ ብዙውን ድንጋጌ የወሰዱት እ.አ.አ. ከ1908ቱ የህንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሱዳን ሕግም ሩቅ ዘመድ አይደለም፤ እንግሊዞች በ1900 ካርቱም ላይ ያወጡት የፍትሐ ብሔር ፍትሕ ደንብ ከዚያው ከህንድ ምንጭ የተቀዳ ነበር። በመተማና በገላባት መካከል ያለችውን አጭር ድልድይ የሚሻገር ነጋዴ ከአንዱ የህንድ ሕግ የልጅ ልጅ ወደ ሌላው ይሻገራል ማለት ነው።

የህንዱ ሕግ ትእዛዝ 11 የተባለ ክፍል አለው። አንደኛው ወገን ለሌላው በቃለ መሐላ የሚመለሱ የጽሑፍ ጥያቄዎች እንዲያቀርብ፣ ባላጋራውም በእጁ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ ዘርዝሮ በመሐላ እንዲያሳውቅ የሚያስችል ክፍል ነው። የኢትዮጵያው ሕግ ሲረቀቅ ይህ ክፍል አልገባም። ከተቀሩት ልዩነቶች ሁሉ ይህኛው ሳይከብድ አይቀርም፤ ዛሬም በየችሎቱ የሚታየው ውጤት የመጣው ከዚህ ነውና።

የኢትዮጵያ ሕግ ባላጋራን «ያለህን ሁሉ አሳየኝ» የማለት መብት አይሰጥም። የሚሰጠው «ይህ ሰነድ በእገሌ እጅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ያስመጣልኝ» የማለት መብት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

በቁጥር 223 መሠረት ከሳሽ ክሱን ሲያቀርብ የምስክሮቹን ስምና አድራሻ፣ የሚያስረዱትን ነገር፣ የሚተማመንባቸውንም ሰነዶች ዝርዝር አብሮ ያያይዛል። በእጁ የሌለ ሰነድ ካለ በማን እጅ እንደሚገኝ መግለጽ አለበት። ተከሳሽም በቁጥር 234 መሠረት ከመከላከያ መልሱ ጋር ተመሳሳይ ዝርዝር ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ያልተጠቀሰ ሰነድ በኋላ ቢመጣ፣ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ካልቀረበ በቀር፣ ተቀባይነት እንደማያገኝ ቁጥር 137 ያስጠነቅቃል። ብዙ ክስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ተከራካሪው ማስረጃውን በክርክሩ ሂደት አገኘዋለሁ ብሎ ሲገባ፣ ሕጉ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ስሙን እንዲጠራ ይጠብቅበታል።

የማስመጣቱ ሥልጣን የዳኛው ነው። ቁጥር 145 ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት ወይም በተከራካሪ ጥያቄ መዝገብና ሰነድ እንዲቀርብለት ማዘዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ጠያቂው ሰነዱ ለክርክሩ እንደሚያስፈልግና ግልባጩን በራሱ ጥረት ያለ ከባድ መዘግየት ወይም ወጪ ሊያገኘው እንደማይችል በቃለ መሐላ ማሳየት ይጠበቅበታል። «ጠይቄ ከለከሉኝ» የሚል ደብዳቤ፣ ወይም ቢያንስ የጥያቄ ማመልከቻው ቅጂ፣ እዚህ ላይ ዋጋው ብዙ ነው። በቁጥር 241 ዳኛው በመጀመሪያው ቀጠሮ ተከራካሪዎቹን ራሱ ጠይቆ የሚያምኑትንና የሚክዱትን ይለያል፤ ከጥንቱ «ተጠየቅ» የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ያልቀረበ ሰነድ ሳይታይ ጭብጡን በትክክል መያዝ የማይቻል ሲሆንም፣ በቁጥር 249 መሠረት ጭብጥ መያዙን አቆይቶ ሰነዱን ማስመጣት ይቻላል። የሒሳብ ክርክር ሲሆን መዝገቡን የሚመረምር ባለሙያ መሾም ሌላው መንገድ ነው፤ በማኅበርና በሽርክና ክርክሮች ከሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው፤ ከሳሽ የማያውቀውን ቅጠል ባለሙያው ይገልጠዋልና።

የዚህ ሥርዓት በጎ ጎን ርካሽነቱ ነው። ድሃ ከሳሽ በሺሕ የሚቆጠር ገጽ እንዲያገላብጥ አይገደድም፤ ሀብታም ተከሳሽም ባላጋራውን በወረቀት ሊያሰጥመው አይችልም። ጉድለቱም እዚያው ነው። መኖሩን የማያውቁትን ሰነድ በስም መጥራት አይቻልም። አሠሪው ስለ ሠራተኛው የተጻጻፈው የውስጥ ማስታወሻ፣ ሠራተኛው መኖሩን ካልሰማ፣ ለፍርድ ቤቱም እንደሌለ ይቆጠራል። ውሸት መናገር ሳያስፈልግ፣ ዝም በማለት ብቻ፣ ክርክር ማሸነፍ ይቻላል።

የሚከለክሉ አጥሮችም አሉ። የባንክና የግብር ምስጢር ለግለሰብ ይዘጋል፤ በአብዛኛው ግን ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ይከፈታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ የያዙ መሥሪያ ቤቶችን ይበልጥ ጥንቁቅ አድርጓቸዋል፤ ያለ ትእዛዝ ቀድሞ በቃል ይሰጥ የነበረው ዛሬ ላይሰጥ ይችላል። ከሁሉ የጸናው ደንበኛ ለጠበቃው የነገረው ቃል ነው።

ትእዛዙ የማይደርስበት መዝገብ

ወደ ሾዋኩ መዝገብ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። የጎንደር ዳኛ ትእዛዝ መተማ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰነድ የሚጠየቀው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለሱዳን ባለሥልጣናት በሚላክ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው መልስ ይዞ እስኪመለስ ደግሞ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል።

ሰነዱ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እጅ ከሆነ ደግሞ የጎንደርም የገዳሪፍም ፍርድ ቤት ሊያስከፍተው አይችልም። እ.አ.አ. በ1946 የጸደቀው የድርጅቱ መብቶችና ልዩ ጥበቃዎች ስምምነት የድርጅቱ መዛግብትና የያዛቸው ሰነዶች ሁሉ፣ የትም ቢሆኑ፣ አይደፈሩም ይላል። ኢትዮጵያም ሱዳንም የስምምነቱ አባል ናቸው። ጥበቃው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ ስደተኛው ከሸሸው መንግሥት መዝገቡን የሚከላከልለት እሱ ነው። በውርስ ክርክር ግን ያው አጥር ባለቤቱንም ጭምር ውጭ ያስቀረዋል።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ድርጅቱ በ2015 እ.አ.አ. ያወጣው የመረጃ ጥበቃ መመሪያ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለማየት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ማዘዝ ያልቻለውን ባለጉዳዩ ራሱ በማመልከቻ ሊያገኘው ይችል ይሆናል። ልዩነቱ ግልጽ መሆን አለበት፦ ይህ የራስን መረጃ የመጠየቅ መብት እንጂ የባላጋራን ማኅደር የማስከፈት መብት አይደለም። ተካካዱ የተባሉት ወንድሞች ስም በሌላ የቤተሰብ ካርድ ላይ ከሆነ አይረዳም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። ገዳሪፍ ከመሐል ሱዳን ለሸሹ ሰዎች መጠጊያ ሆናለች፤ ብዙዎቹ የመጡት የቤትና የመሬት ወረቀታቸውን ሳይዙ ነው። ሰነዱ ከጠፋ የሚያስከፍቱት መሳቢያ የለም። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሕግ ከሚታሰበው በላይ ቻይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ካልሆነ አይረጋገጥም ያለውን ነገር እንኳ፣ ጽሑፉ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ፣ በቁጥር 2003 መሠረት በምስክር ማስረዳት ይፈቀዳል። ለምሳሌ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በቁጥር 2472 መሠረት በጽሑፍ፣ በተበዳሪው እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ የብድሩ ውል ግን ገዳሪፍ ላይ በእሳት ከጋየ፣ አበዳሪው መጀመሪያ መጋየቱን፣ ቀጥሎም የውሉን ቃል በምስክር ማስረዳት ይችላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም የልደት መዝገብ በሌለ ጊዜ፣ ሰውየው በዘመድና በአካባቢው ሰው ዘንድ እንደ ልጅ ሲታወቅ መኖሩን በማስረዳት ልጅነት እንዲረጋገጥ ይፈቅዳል። ያ ከሳሽ የሾዋኩን መስመር ሲጠብቅ ዓመታት ከሚያሳልፍ፣ አብረውት የተሰደዱ ሽማግሌዎችን ቢያፈላልግ ይሻለዋል።

ሰፊው በርና መዝጊያዎቹ

ከዚህ ሥርዓት ተቃራኒ ጫፍ ላይ ያለችው አሜሪካ ናት። እ.አ.አ. በ1938 በሥራ ላይ የዋሉት የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች ተከራካሪ የማያውቀውን ሰነድ በዓይነቱ ብቻ እንዲጠይቅ ፈቀዱለት፦ «ስለዚህ ሞተር የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ» ማለት ይበቃል። ምስክርን ከችሎት ውጭ በመሐላ መመርመር፣ የጽሑፍ ጥያቄ መላክ፣ ግቢ ገብቶ ማየትም ይቻላል። ከዳኛ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ዳኛው የሚገባው ጠብ ሲነሳ ነው።

ገደቦቹ የመጡት ቀስ በቀስ ነው። እ.አ.አ. በ1943 «ጄ ኤም ቴይለር» የተባለች ጎታች ጀልባ ሰምጣ 5 ሰዎች ሞቱ። የሟች ቤተሰብ ጠበቃ የጀልባዋ ባለቤቶች ጠበቃ ከምስክሮች ጋር ተነጋግሮ የጻፈውን ማስታወሻ እንዲሰጠው ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1947 አይሆንም አለ፤ ሐቁን ራስህ ምስክሮቹን ጠይቀህ አግኘው፣ የባልንጀራህን የሐሳብ ድካም ግን አትወስድም የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ነበር። ዛሬ ደንቡ ከዚያም ይጠባል። አንድ ወገን ያለ ፈቃድ ከ10 በላይ ሰዎችን መመርመር፣ አንዱን ምስክር ከ7 ሰዓት በላይ መያዝ፣ ከ25 በላይ የጽሑፍ ጥያቄ መላክ አይችልም። በ2015 የተሻሻለው ድንጋጌ ደግሞ የሚጠየቀው ነገር ለክርክሩ ከመጥቀሙም በላይ ከጉዳዩ ክብደትና ከሚጠይቀው ወጪ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። እንግሊዝም በ1999 ደንቧን ስታድስ ስያሜውን ቀይራ ወሰኑን አጥብባዋለች፤ የቀድሞው ስፋት እጅግ ውድ ሆኖ ነበርና።

እንቢ የሚል ግን ይቀጣል። ትእዛዝ ጥሶ ሰነድ የደበቀ ተከራካሪ፣ ባላጋራው ያለው ነገር እንደተረጋገጠ ተቆጥሮበት እስከ መረታት ሊደርስ ይችላል። የኢትዮጵያ ተከራካሪ የሚመኘው ከሁሉ በላይ ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ከቢሾፍቱ እስከ ቺካጎ

ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ሥርዓት በቅርብ ያዩት በሐዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአምስት ወር ቀደም ብሎ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ ሰምጧል። ቤተሰቦች ክሱን ያቀረቡት በወቅቱ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በነበረባት በቺካጎ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። የካሳው መጠን አንድ ምክንያት ነበር፤ የኩባንያውን የውስጥ ደብዳቤ ማስከፈት መቻል ሌላው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አደጋ መካከል በነበሩት ወራት ማን ምን ያውቅ ነበር የሚለውን የሚመልስ ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ሰፊው በር የተዘጋው ባልተጠበቀ መንገድ ነው፦ በእምነት ቃል። ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለፍርድ ቤቱ በቀረበው ስምምነት ቦይንግ ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ቤተሰቦችም ካሳቸውን እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ እንዲያስወስኑ መንገዱ ተከፈተ። በምላሹ ከሳሾቹ የቅጣት ካሳ መጠየቃቸውን ተዉ። የሕጉ አመክንዮ ቀጥተኛ ነው። ማስረጃ የሚገለጠው ለተካደ ጭብጥ ነው፤ ጥፋቱ ከታመነ ስለ ጥፋቱ የሚጠየቅ ሰነድ ለክሱ ውጤት አያስፈልግም። የቀረው ጭብጥ ካሳው ስንት ነው የሚለው ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ሥርዓቱ ፊቱን ያዞራል። ካሳ ብቻ ሲቀር የሚመረመረው የከሳሹ ሕይወት ነው፤ ሟቹ ስንት ያገኝ ነበር፣ ማንን ይረዳ ነበር፣ ከቤተሰቡ ጋር ምን ያህል ይቀራረብ ነበር። ባላጋራን ለማስከፈት የተሠራው መሣሪያ የሐዘንተኛውን መሳቢያ ይከፍታል።

የአየር አደጋ ደግሞ የራሱ ልዩ ገደብ አለው። የአሜሪካ ሕግ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ የአደጋ ሪፖርት በካሳ ክስ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይከለክላል። የአብራሪዎች ክፍል የድምፅ ቅጂም ዳኛው ለብቻው መርምሮ ያለ እሱ ፍትሕ አይገኝም ካላለ በቀር በዚህ ሥርዓት አይወጣም። ዓላማው መርማሪና አብራሪ ክስ ሳይፈሩ እንዲናገሩ ነው። በማክስ ጉዳይ ሕዝብ ያወቀው አብዛኛው ነገር የወጣውም በካሳው ክስ ሳይሆን በአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ምርመራ ነው፤ ኮሚቴው የመጨረሻ ሪፖርቱን በመስከረም 2020 እ.አ.አ. አውጥቷል።

አዲስ አበባ ለሚካሄድ ክርክር የአሜሪካ በር

አንድ መንገድ ግን በኢትዮጵያውያን ተከራካሪዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። የአሜሪካ ሕግ ክፍል 28 ቁጥር 1782 በውጭ ሀገር ፍርድ ቤት የሚካሄድ ክርክር ተካፋይ የሆነ ሰው፣ ሰነዱን የያዘው ሰው ወይም ድርጅት በሚገኝበት የአሜሪካ ወረዳ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰነድ ወይም የምስክር ቃል እንዲታዘዝለት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ዋሽንግተን የሚኖር ወንድም ከአዲስ አበባ ቤት ሽያጭ የተላከለትን ገንዘብ ቢክድ፣ የባንክ መዝገቡ በዚህ መንገድ ሊጠየቅ ይችላል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በኢንቴል ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሰነዱ በውጭው ሀገር ሕግ የሚገለጥ ዓይነት መሆኑን ማሳየት ግዴታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ትእዛዝ 11ን መተዉ ስለዚህ እንቅፋት አይሆንም። መፍቀድ ግን የዳኛው ምርጫ ነው፤ የውጭው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ይቀበለው እንደሆነ፣ ጥያቄውም ያልተንዛዛ መሆኑን ያያል። በ2022 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ የግል የግልግል ዳኝነት በዚህ ሕግ መጠቀም እንደማይችል ተወስኗል፤ የውል አለመግባባታቸውን በግልግል ለመጨረስ የተስማሙ ነጋዴዎች ይህ በር ተዘግቶባቸዋል።

ጊዜውን ማስተካከሉ ከባዱ ሥራ ነው። የአሜሪካው ማመልከቻ ወራት ይወስዳል፤ የአዲስ አበባው ችሎት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያልተዘረዘረን ሰነድ በኋላ ለመቀበል ምክንያት ይጠይቃል። ስለዚህ በሁለቱም ሀገር የሚሠሩ ጠበቆች ሰነዱን ገና በእጃቸው ሳይገባ በክስ ማመልከቻው ዝርዝር ውስጥ ያሰፍሩታል፤ ከጎኑም የያዘውን ባንክ ስም፣ የሒሳቡን ዓይነትና የሚፈለገውን ዘመን ይጽፋሉ።